አይጦቹን ያጠጣው ኑረዲን

ኑረዲን ድሬዳዋ ተወልዶ ጅቡቲ ወደብ ላይ በሸክም ጉልበቱን የጨረሰ ሰው ነው። ወገቡ አልችልም ሲለው አንድ ወዳጁ ከተማው ውስጥ ካለች ትንሽ ቤተ ሙከራ አስቀጠረው። ሥራው ምን መሰላችሁ? አይጥ መጠበቅ! አርሂባ በሚባለው ሰፈሩ ያሉ ጎረቤቶቹ እንዴት እንደሳቁበት አትጠይቁኝ። እኛ አይጥ በመርዝ እንፈጃለን፣ አንተ ታቀማጥላለህ ይሉት ነበር። እሱም አብሯቸው ይስቃል።

እውነቱን ለመናገር አይጦቹን ወዷቸዋል። ጠዋት ጠዋት ሰጋቱራቸውን ይቀይራል፣ የውሃ ጠርሙሳቸውን ይሞላል። በግራ በኩል ላሉት ንጹሕ ውሃ ነው። በቀኝ በኩል ላሉት ግን ተመራማሪዋ ዶክተር ዓዚዛ እየመዘነች የምትሰጠው፣ ከዚንክ የተሠራ ነጭ ዱቄት ይበጠበጥበታል። ለስኳር በሽታ የሚሞከር ነው ብላዋለች።

ስኳር ስትል ልቡ ቀጥ አለ። አንዲት ልጁን ሀያን ስኳር ይዟት በየቀኑ ኢንሱሊን ትወጋለች። በዚያ እሳት በሆነ በጋ መብራት በጠፋ ቁጥር፣ መድኃኒቱ እንዳይበላሽ እሱና ሚስቱ ማይሙና በረዶ ፍለጋ ይሯሯጣሉ። ልጅቱ ደግሞ መርፌውን ስታይ እናቷ ጉያ ትሸጎጣለች። አንጀቱን የሚበላው ይኼ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሲገባ የግራዎቹ ሰጋቱራ በሽንት ርሷል፤ ጠርሙሳቸው ጠብታ የለውም። ይህን ጥም ያውቀዋል፤ ሀያም ሕመሙ የጀመራት ሰሞን ውሃ አልጠግብ ብላ ነበር። የቀኞቹ ግን ደረቅ ናቸው፣ ምግባቸውን እየቆረጠሙ ይሯሯጣሉ። በቃ! ለካ ሁሉም ታመው ኖሯል፣ ዱቄቱ የቀኞቹን አዳናቸው አለ። ይህን ያየ ሰው ሌላ ምን ሊል ይችላል?

ማንንም አልጠየቀም፤ ቢጠይቅ እንደማይፈቅዱለት ያውቃል። ከዱቄቱ በወረቀት ጠቅልሎ ቤቱ ወሰደ። ለማይሙና አዲስ መድኃኒት ነው አላትና በውሃ በጥብጦ ለሀያ አጠጣት። መርፌው ቀረ። ልጅቱ ከደስታዋ ብዛት አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ብዙም ሳይቆይ ጥሙ ባሰባት፣ ማስመለስም ተከተለ። እስኪሠራ ነው፣ ታገሡ እያለ አጽናናቸው። ወይ አለማወቅ! ሆስፒታል ሲያደርሷት ነፍሷን አታውቅም ነበር። ሐኪሞቹ ቢረባረቡም አልተረፈችም።

ሐዘኑ ሲቀል ዶክተር ዓዚዛ ዘንድ ሄዶ ሁሉንም ነገራት። ሴትዮዋ ወንበሯን በእጇ ፈልጋ ተቀመጠች።

“እነዚያ አይጦች እኮ ታመው አልዳኑም” አለችው። “ዱቄቱን ሲጠጡ የከረሙት ጤነኛ ሳሉ ነው። ቆሽት አበላሽቶ ስኳር የሚያስይዘውን መርፌ ሁሉንም የወጋኋቸው አርብ ዕለት ነው፣ እርስዎ በሌሉበት። ዱቄቱ ቀድሞ ስለገባ ነው የቀኞቹ ያልታመሙት። የታመመን አያድንም።”

አርብ የዕረፍት ቀኑ ነው። መስጊድ ነበር።

ለማይሙና ሊነግራት ቆርጦ ወደ ቤቱ ሄደ። በመንገዱ ሁሉ ቃላቱን ሲያዘጋጅ ነበር። ሲገባ የሀያን ልብሶች ታጥፋለች። አፉን ሳይከፍት እሷ ቀደመችው።

“አንድ ነገር ብቻ ያጽናናኛል” አለችው። “እዚህ ቤት የቆየችባቸውን የመጨረሻ ቀኖች ያለ መርፌ አሳለፍክላት። አላህ ይስጥህ።”

ኑረዲን አጠገቧ ተቀመጠ።

“አሚን” አላት።