ተክለአብና የፈረሰው አዳራሽ

ተክለአብ አዲስ አበባ በአንድ የሙያ ትምህርት ቤት የእንጨት ሥራ ያስተምር ነበር። በዘጠና ሰባቱ ምርጫ ታዛቢ ሆነ። ከምርጫው በኋላ በነበረው አፈሳ ተይዞ አሥራ አራት ወር ታሰረ። ሲፈታ የአምስት ዓመት ልጁን ሶልያናን ለእህቱ ለአልታየሽ ትቶ ከአገር ወጣ። የልጅቷ እናት ቀደም ብላ ሞታ ነበር።

ለንደን ውስጥ ቶተንሃም አንዲት ክፍል ተሰጠችው። የጥገኝነት ኬዙ እስኪያልቅ መሥራት ስለማይፈቀድለት ቀኑን በእግሩ ሲዞር ይውል ነበር። አንድ ዝናባማ ከሰዓት ለመጠለል ብሎ ሳውዝዋርክ ካቴድራል ገባ። የሌላ እምነት ቤት ነውና በሩ ላይ ትንሽ አመነታ፤ ከዚያ አማተበና ከኋላ ቆመ።

እዚያ የተደረደሩ የቆዩ የእንጨት ቅርጾች አየ። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የድንጋዩ ጣሪያ ወድቆ በእንጨት ሲተካ፣ ማገሮቹ የሚጋጠሙበትን ቦታ ያስጌጡ ነበሩ። አንዱ ላይ ሰይጣን ይሁዳን እየዋጠ ነው። ተክለአብ ተጠግቶ ብዙ ቆየ።

«ምን አገኘህበት?» አሉት ጎብኚ የሚያስጎበኙ አሮጊት፣ ሚስስ ሃርግሬቭ።

«እዚህ ጋ ቀራጩን መሮው የሳተው ይመስለኛል» አለ በተሰባበረ እንግሊዝኛ። «ስህተቱን ሊሸፍን የሰይጣኑን ጥርስ አሰፋው።»

አሮጊቷ መነጽራቸውን አውልቀው አጠገቡ አጎነበሱ። «ስንት ዓመት ሳስጎበኝ አላየሁትም» አሉ።

ከዚያ ወዲያ መጽሐፍ እያዋሱ፣ አነጋገሩን እያረሙ የካቴድራሉን ታሪክ አስተማሩት። የመኖሪያ ወረቀቱን አግኝቶ ሃክኒ ሰፈር የቤት ዕቃ የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ከተቀጠረ በኋላም ቅዳሜ ቅዳሜ በነጻ ያስጎበኝ ጀመር።

ሶልያና በአሥራ ሁለት ዓመቷ ለንደን መጣች። አባቷን «እርስዎ» ትለው ነበር። የጠየቃትን ትመልሳለች፤ ራሷ ግን አትጠይቅም። ቢቸግረው አንድ ቅዳሜ ካቴድራሉ ይዟት ሄደ። በመሠዊያው በኩል ያሉትን ሹል ቅስቶች አሳያት፤ ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ቆመዋል። ምእመናን የሚቀመጡበት አዳራሽ ግን አሮጌው አርጅቶ ፈርሶ፣ የተተካውም ስላልተወደደ ከመቶ ምናምን ዓመት በፊት እንደገና የተሠራ መሆኑን ነገራት።

«የድሮውን ለምን አልጠገኑትም?»

«ጣሪያውን አንስተው ዓመታት ዝናብ መታው። ከዚያ መጠገን ከበዳቸው።»

«አንተስ?» አለች። «ለምን ጥለኸኝ ሄድክ?»

ወንበር ላይ ተቀመጡ። ስለ እስሩ፣ እሷን ይዞ በረሃ ማቋረጥ ስለ መፍራቱ፣ ስልክ ደውሎ ድምፅዋን ሲሰማ ምንም ሳይናገር ስለ ዘጋባቸው ቀናት ነገራት።

«አንተ ነበርክ?» አለች። «አክስቴ በስህተት ደውለው ነው ትለኝ ነበር።»

«እኔ ነበርኩ።»

አለቀሰች፤ ተቆጣችም። ያን ቀን አላቀፈችውም፤ ባቡር ውስጥም ራቅ ብላ ተቀመጠች። ግን ቤት እንደገቡ የታሰረበትን ክፍል በወረቀት ላይ እንዲስልላት ጠየቀችው። ሳለላት፤ ማን የት ይተኛ እንደነበር አንድ በአንድ ጠየቀች።

ሶልያና አሁን ነርሲንግ ትማራለች፤ ካቴድራል ይሰለቻታል። ተክለአብ ግን ጎብኚዎች አዳራሹን «እንዴት ያለ ጥንታዊ ነው!» ሲሉ፣ አዲስ መሆኑን ከመንገር ቦዝኖ አያውቅም።