የግሪኩ ጀግና ኮልፌ ላይ ሲፎክር

የልጅ ልጄ ሜሮን ዩኒቨርሲቲ ገብታ ቲያትር ነው የምትማረው። ባለፈው ቅዳሜ የጻፈችውን ወረቀት ይዛ መጣችና አጠገቤ ቁጭ ብላ አነበበችልኝ። የጥንት ግሪክ ጀግኖች ከእነሱ በኋላ በመጣው ድርሰትና ቲያትር ላይ ምን አሻራ ተዉ የሚል ነው። ሮማን ጠራች፣ ፈረንሳይን ጠራች፣ እንግሊዝን ጠራች። የንጉሥ አዳራሽ፣ የሐር መጋረጃ፣ የወርቅ ወንበር። እኔ በቀሩኝ ጥርሶች የተቆላ ሽምብራ እየቆረጠምኩ እስክትጨርስ ጠበቅኳት።

«ኮልፌስ?» አልኳት።

«ኮልፌ ምን ሆነች አባባ?»

«አልተጻፈችም ወይ?»

ሳቀች። የተማረ ሰው የማያውቀውን ሲሰማ መጀመሪያ ይስቃል። ይህን አመል ማን እንደሚያስተምራቸው እንጃ። እኔ ግን አልቀለድኩም።

ጣሊያን ከገባ ሁለተኛው ክረምት ወጥቶ ነበር። ዕድሜዬ አሥራ ዘጠኝ። ዛሬ ጦር ኃይሎች ላይ ለታክሲ የሚጋፋ ሰው ቢነግሩት አያምንም እንጂ፣ ያኔ ወደዚህ ወደ ኮልፌ ያለው አገር ባሕር ዛፍና ጭቃ ነበር። መስከረም ሲጠባ ጭቃው ይደርቅና መንገዱ ዳርና ዳር ቢጫ አበባ ይለብሳል፤ የእሸት በቆሎ ጥብስ ሽታ ከየጓሮው ይመጣል። እኛ ለጣሊያን በቅሎዎች ጋጣ እንሠራ ነበር። የድንጋይ ግንብ፣ የቆርቆሮ ክዳን። የሠራነው እኛ የምናድረው ሣር ቤት ውስጥ፣ በቅሎዋ በግንብ ቤት። ይህን ሳስታውስ ዛሬም ይቆጠቁጠኛል።

ዋናው ግንበኛ ያኒ የሚባል ግሪክ ነበር፤ ያኔ ፈረንጁን ሁሉ ሙሴ ነበር የምንለው። ጣሊያን ከመምጣቱ አስቀድሞ አዲስ አበባ የኖረ፣ አማርኛን እንደ ድንጋይ እየጠረበ የሚናገር ሰው። ምሳው ዳቦ፣ ጥሬ ሽንኩርትና በጨው የተነከረ ጥቁር ፍሬ ነው። ጓደኛዬ ወልዴ፣ አጭርና ድቡልቡል የጉራጌ ልጅ፣ ያን ፍሬ መጀመሪያ ያየው ቀን «ሙሴ፣ ይሄ የፍየል በጠጥ አይደለም ወይ?» አለው።

«ቅመሰውና ንገረኝ» አለ ያኒ።

ወልዴ ቀመሰ፣ ፊቱን አጨማደደ፣ «በጠጥ ነው፤ ግን ጥሩ ፍየል ናት» አለ።

ያኒ ምሳ ላይ ተረት ይነግረናል። ከሁሉ የያዘን የአንድ ኃይለኛ ሰው ተረት ነው። ስሙ ለአፋችን ስላልተመቸ ጉልቤ አልነው። አባቱ መብረቅ ነው። አንድ ፈሪ ንጉሥ ግን በዕጣ ፈንታ የበላዩ ሆኖ እያዘዘ ያደክመዋል። ሂድና ብረት የማይበሳውን አንበሳ ግደል ይለዋል። ጉልቤ አንበሳውን በእጁ አንቆ ይገድላል፤ ቆዳውን ለብሶ ይመለሳል። ንጉሡ ያንን ሲያይ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ትልቅ ጋን ውስጥ ይገባና ይሸሸጋል። ከዚያ ወዲያ ከጋኑ ውስጥ ሆኖ ነው የሚያዘው።

ያኒ ይህን ሲጨርስ ማናችንም እርስ በርስ አልተያየንም። ሁላችንም ያሰብነው አንድ ሰው ነበር።

ካቦአችንን ነው። ካቦው ጣሊያን፣ አለንጋ ከእጁ የማይለይ፣ ሰው ሲቆጥር በሁለት ጣቱ ማጅራቱን የሚያክ ሰው ነው። ከዚያ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ በገፈርሳ መንገድ የሚመጣ ካሚዮን ጎማው ፈነዳ። ካቦው አርበኞች የመጡ መስሎት ባዶ የኖራ በርሜል ውስጥ ዘሎ ገባ። ሲወጣ ከራሱ እስከ ጫማው ነጭ ነበር። አርባ ሰው መሬት መሬቱን እያየ ድንጋይ ተሸከመ። ማን ይስቃል? ከሳምንት በፊት ሥራ ላይ ያንጎራጎረ ሰው ከግንድ አስሮ አስገርፎ ነበር።

ጋጣው ሲያልቅ ያው ካቦ፣ ለምረቃው እሁድ ከሰዓት ቲያትር አሳዩኝ አለ። ጎረቤቱም ይምጣ አለ። ወልዴ ወዲያው ጉልቤን እንሥራ አለ።

ያኒ ደነገጠ። «አብዳችኋል። ጋኑ የማን እንደሆነ ከገባው እናንተን ግንድ ላይ ያስራል፣ እኔን ደግሞ ተረቱን ያመጣሁትን ከእናንተ አስቀድሞ።»

«አይገባውም ሙሴ» አለ ወልዴ። «ሰው በርሜል ውስጥ ሆኖ ራሱን አያይም።»

ያኒ አንድ ሌሊት አሰበበትና እሺ አለ። እኔ ከሁሉ ረጅም ስለነበርኩ ጉልቤ ሆንኩ። ወልዴ ንጉሥ። አንበሳው ከድር፣ የቆዳ ነጋዴ ልጅ፤ የጥጃ ቆዳ ላይ የፈረስ ጭራ ሰፍቶ ጎፈር አበጀለት። ጋኑን ያዋሰችን ጠላ ሻጯ እትዬ ዘነበች ናት። «ጋኔ ቢሰበር የእናንተን ጉልበት ነው የምሰብረው» ብላ።

እሁድ ደረሰ። ካቦው ከፊት ወንበር ላይ፣ ያኒ ሊያስተረጉምለት አጠገቡ ቆሞ፣ የኮልፌ ሰው ደግሞ ሣሩ ላይ። ከድርን አንቄ ገደልኩት፣ ቆዳውን ገፈፍኩት። ሬሳው ሁለት ጊዜ አስነጠሰ። ሰው ሳቀ፣ ካቦውም ሳቀ። እስከዚህ ደህና።

ያኒ ያስጠናን፣ ጉልቤ ቆዳውን ለብሶ ዝም ብሎ እንዲቆም ነው። የግሪክ ጀግና እንደዚያ ነው አሉ። ቆምኩ። ሣሩ ላይ ካሉት አንዱ ሽማግሌ ግን በጣም ተቆጡ።

«አንበሳ ገድሎ ዝም የሚል ምን ዓይነት ወንድ ነው? ፎክር እንጂ አንተ!»

«ፎክር!» አለ ሌላው። እውነተኛ ገዳይ ያየ ሰው ሁሉ ነው እንዲህ የሚለው፤ ቲያትር መሆኑ ተረስቷል። መፎከር ደግሞ ከማንጎራጎር የባሰ ክልክል ነበር። አፌ ግን እኔን ሳይጠብቅ ሄደ፦

«ዘራፍ፣ የመብረቅ ልጅ፣ የነጎድጓድ ዘር፣
በባዶ እጁ አንቆ አንበሳ የሚሰብር፤
የላከኝ የት ሄደ፣ ግዳይ የሚቆጥር?
ጋን ውስጥ ተገኘ አሉ፣ ካተላ ጋር ሲመክር!»

ሴቶቹ እልል አሉ። እትዬ ዘነበች ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ ለጋ ቅቤ በቅል ይዛ መጣችና አናቴ ላይ ደፋችው። ገዳይ ይቀባል፤ ሥርዓት ነው። ቅቤው በጆሮዬ እየወረደ ሳለ ወልዴ ከጋኑ ብቅ አለ። ያ ርጉም፣ ማንም ሳይነግረው፣ በሁለት ጣቱ ማጅራቱን አከከ።

ካቦው ከወንበሩ ተነሣ። አለንጋውን ወደ ጋኑ ቀስሮ ያኒን አንድ ነገር ጠየቀው። ያኒ መለሰለት። ካቦው አፍጥጦ አየውና ሳቁ ፈነዳ፤ ዓይኑ እስኪያለቅስ ሳቀ።

ወልዴ በድንጋጤ ወደ ጋኑ ቢመለስ ሆዱ ተሰነቀረ። አልወጣ አለ። «አትስበሩት! ጋኔን!» ትላለች እትዬ ዘነበች። ይህን ጊዜ ካቦው አለንጋውን መሬት ላይ ጥሎ መጣና ወልዴን በብብቱ ይዞ ጎተተ። ጎተተ፣ ላበው፣ ማጅራቱን አከክ አከክ አደረገ፣ እንደገና ጎተተ። ራሱን በገዛ እጁ ከጋን አወጣ። ያን ቀን ኮልፌ የሳቀችውን ሳቅ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ አልሰማሁም። ሽማግሌው መሬት ላይ ተንከባለሉ። ከድር ከሞት ተነሥቶ ግንቡን ተደግፎ አለቀሰ።

በኋላ ከወልዴ እናት ቤት ቆጮ በአይብ እየበላን ምን ብለህ መለስክለት አልነው ያኒን።

«የእኛ የግሪኮች ንጉሥ ነው፤ ግሪክ ድሮም ፈሪ ነው አልኩት» አለ። ቀጥሎም፦ «አገሬን ሰደብኩላችሁ። በሉ ሌላ ቆጮ ስጡኝ።»

እኔ ፊደል የቆጠርኩት አርባን ካለፍኩ በኋላ ነው። ማንበብ ስችል መጀመሪያ የፈለግሁት ጉልቤን ነው፤ አገኘሁት። የመጽሐፉ ጋን ከነሐስ ነው። ጀግናው አይፎክርም፣ ማንም ቅቤ አይቀባውም። ጎድሎታል አልኩ በልቤ። ያልተማርኩ ስለሆንኩ ለማንም አልተናገርኩም። የመማሪያ ዕድሜዬን በጉልበት ሥራ የበሉት ሰዎች የመናገር ድፍረቴንም በልተውብኝ ነበር።

ሜሮን ሰምታ ስትጨርስ አልሳቀችም። እስክሪብቶ አወጣች።

«ታዲያ ይህ ጀግና ከዚያ ሁሉ ዘመን እንዴት እዚህ የደረሰ ይመስልዎታል አባባ?»

የተማሩት በክንዱ ይላሉ። እኔ ግን እዚያ ነበርኩ። አንበሳ የሚገድል ሰው በየአገሩ ሞልቷል፤ የኛም አያቶች ገድለዋል። ያን ሰው ባሕር ያሻገረው ጋኑ ነው። አዛዥ ያለበት አገር ሁሉ አዛዡን የሚከትበት ጋን ይፈልጋል፤ ተረቱ ያንን ይዞ ስለሚመጣ በሩን ይከፍቱለታል። ይህንን ጻፊ አልኳት። አስተማሪዋ ቢቀበለው ባይቀበለው የራሱ ጉዳይ ነው። እኛ ያን እሁድ፣ አዛዣችን ፊት ለፊት ቆሞ እያየን፣ ጠግበን ስቀናል።