ሃፊዛ የኮሪያን ቆርቆሮ የቀመሰች ዕለት

ቡታጅራ ገበያ ውስጥ ሃፊዛን የማያውቅ ሰው ቆጮ በልቶ አያውቅም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሸጣለች። ቆንጠር አድርጋ ካሸተተችና ምላሷን ካስነካችው፣ ጉድጓድ ውስጥ ስንት ወር እንደከረመ፣ ውሃ ገብቶበት እንደሆነም ትነግራችኋለች። «ቦክቷል» ካለች ቦክቷል። «ገና ነው» ካለች ያስቀመሰቻት ሻጭ እየተራገመች ኮባዋን መልሳ ትጠቀልላለች። የገዛ እህቷን ቆጮ እንኳ ገበያ መሃል «ጥሬ ነው» ብላ ሁለት ዓመት ተኳርፈዋል። ምን ታድርግ! ምላሷ ዘመድ አያውቅም።

በ2003 ለአረፋ ልጇ ሰልሚያ ከአዲስ አበባ አንድ ካርቶን ተሸክማ መጣች። ቦሌ አካባቢ የኮሪያ ዕቃ ብቻ የሚሸጥ ሱፐርማርኬት ውስጥ ካሸር ሆና ከተቀጠረች ስምንት ወሯ ነው። ካርቶኑን ያመጣችው ወዳ አይደለም፤ የምትሸጠውን ቀምሰው እንዲያምኗት ነው። አጎቷ ከማሉ «ሱቁ አረቄ ቤት ነው፤ ልጅቷ ከእንግዲህ አትመለስም!» እያለ ቤቱን ሲያምሰው ከርሟል። ለሃይማኖት ተቆርቁሮ እንዳይመስላችሁ፤ ከማረቆ፣ ከቆሼ ከተማ የበርበሬ ነጋዴ ባል አግኝቶላት፣ ድግሱን በሐሳቡ በልቶ ጨርሷል። ሃፊዛም ብትሆን ልጇ ብትቀርላት ደስታዋ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎባታል፤ ብቻዋን መብላት አንገፍግፏታል።

ከምሳ በኋላ ካርቶኑ ተከፈተ። መጀመሪያ እንደ ወረቀት የሳሳ ጥቁር የባሕር ቅጠል ወጣ። ከማሉ ገና አፉ ሲያደርገው «አዑዙ ቢላህ! የቀበሌ ካርቦን ወረቀት አጎረስሽኝ!» ብሎ ተፋው። ቀጥሎ እሳት የሚተፋ ቀይ መኮሮኒ ተቀቀለ። «ቀስ በይ እማ፣ ያስለቅሳል» አለች ሰልሚያ። ሃፊዛ ሳህኑን ጠርጋ «በርበሬው ማረቆን አላየም» አለች። ሰልሚያ ሳቀች። ካርቶኑ ውስጥ የቀረው አንድ ቆርቆሮ ግን ገና አልተከፈተም ነበር።

ቆርቆሮው ውስጥ ያለው የሩዝ መጠጥ ነው። ከማሉ ከፈተው፣ አሸተተው፣ ዘሎ ተነሳ።

«ብቅል! ብቅል ይሸታል! አላልኩም?»

ሐራም መሆኑን ለማረጋገጥ ብሎ ግማሹን ጨለጠው። ወዲያው ዓይኑን አስለመለመና ግድግዳ ያዘ።

«ዞረብኝ! ያዙኝ! አላህ ይይልሽ ሰልሚያ፣ በአረፋ አሰከርሽኝ!»

«እማ፣ በአላህ፣ አንቺ ቅመሺው» አለች ሰልሚያ። «አንቺ ቦክቷል ካልሽ ሥራውን እተወዋለሁ። ወላሂ አልመለስም።»

ሃፊዛ ቆርቆሮውን ተቀበለች። አሸተተች፤ እውነትም ብቅል አለው። ጠብታውን ምላሷ ላይ አንከባለለች። መልሱን ያወቀችው ገና ከንፈሯን እንደነካው ነበር፤ ግን እንደገና አሸተተች። «ቦክቷል» ብትል ማን ይከራከራታል? ቡታጅራ ሙሉ ያምናታል። ልጇ ትቀራለች፣ ማታ ማታ ከፊቷ የሚቀመጥ ሰው ይኖራል። ቃሉ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። ከማሉ አንድ ዓይኑን ገልጦ ይጠብቃል።

«አልቦካም» አለች።

«እንዴት አልቦካም! እኔ መቆም አቅቶኝ!»

«ብቅል የነካው ሁሉ አረቄ ነው እንዴ? የጣፈጠ የሩዝ ውሃ ነው፤ ለጨቅላም ይሰጣል። አንተን ያሰከረህ የቆሼው ሰውዬ ነው። ይልቅ ቁጭ በል!»

ከማሉ ግድግዳውን ለቀቀና ምንም ሳይንገዳገድ ሄዶ ተቀመጠ።

ሰልሚያ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ሃፊዛ ጆሮዋ ስር «ቦክቷል ልል ነበር» አለቻት። «እንድትቀሪልኝ።»

«አውቃለሁ እማ። አፍሽን እያየሁ ነበር።»

ሃፊዛ ከዚያ በላይ አልቻለችም፤ ከማሉ ፊት አላለቅስም ብላ ስትታገለው የቆየችውን እንባ ለቀቀችው።