የአባቴ ልብ ሦስተኛ ሽቦ

ከሶዶ የተነሳነው ማክሰኞ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። አባቴን አዲስ አበባ የምወስደው ፔስሜከር የሚሉት የልብ ምት ማስተካከያው እንዲቀየርለት ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ልቡ እየቀረፈፈ ሲያዞረው ነበር የተገጠመለት፤ እውነትም ማዞሩ ቀረ። ዘንድሮ ግን እግሩ ያብጣል፣ በሦስት ትራስ ካልተደገፈ ትንፋሽ ያጥረዋል። መሣሪያው የሚቀሰቅሰው የልቡን ቀኝ ብቻ ስለሆነ ግራው እየዘገየ ልቡን አድክሞታል፣ ሦስተኛ ሽቦ ያለው ያስፈልገዋል ተባልን። ሦስት ሳምንት ለምኜው ለመመርመር እንጂ ለመቀየር እሺ አላለም።

ቦዲቲ ላይ አንድ ነጋዴ አውቶቡሱ ላይ ተሳፍሮ አጠገባችን ተቀመጠ። ወሬውን ሲሰማ ሳቀ።

«አባባ፣ ባትሪ ሊያስቀይሩ ነው? ስልክዎንም አብረው ቻርጅ ያድርጉልዎ።»

«የኔ ከስልክህ ይሻላል፤ ስድስት ዓመት አልጠፋም» አለው አባቴ።

ሃላባን ስናልፍ በርበሬ በየደጁ ተሰጥቶ ቀልቷል። ዝዋይ ለምሳ ወረድን። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ዓሣ ሲያዝዙ እኛ ከቤት የያዝነውን ቅቅል ጎደሬ ፈታን። ማባያውን የበርበሬ ዳጣ ጨው ስላለበት ከልክዬዋለሁ፤ «ይሄ የሕፃን ምግብ ነው» እያለ በላ።

ሐሙስ

አዲስ አበባ ሆስፒታል ምርመራው አልቆ ሐኪሟ የስምምነት ፎርሙን ስታቀርብለት እጁን ሰበሰበ።

«አልፈርምም።»

«አዋ» አልኩት አባቴን በቤታችን አጠራር፣ «ያደነዝዙሃል፣ አያምህም።»

«መች ፈራሁ አልኩሽ? ይሄ ዕቃ በነፃ የተሰጠኝ ነው። ሰጪውን አላውቀውም። የሰው ላም ሀራ ይዤ ባለቤቱ ሳያውቅ እለውጣለሁ?»

ሐኪሟ የሶዶ ሰው አይደለችም፤ ወደ እኔ ዞረች። ሀራ ማለት ሰው ላሙን ሌላው ዘንድ ሲያሳድር ነው፤ ወተቱና እበቱ የያዢው ነው፣ ላሟን ግን ሳያስፈቅድ ቢለውጥ ከሰው አይቆጠርም አልኳት። አልሳቀችም። ወንበሯን ወደ አባቴ አስጠጋች።

«አባባ፣ ላሟ ብትሞትብዎስ?»

«ቆዳዋን ይዤ፣ ምስክር አቁሜ ባለቤቱ ጋ እሄዳለኋ።»

«እንግዲያው አሮጌውን ለሰጡን ሰዎች እመልሳለሁ። ለምን እንደወጣም እጽፍላቸዋለሁ።»

አባቴ ወደ እኔ ጠቆመና «ምስክሯ ልጄ ናት» አለ። ከዚያ ፈረመ።

መመለስ

ዓርብ ተቀየረለት። የወጣውን በላስቲክ አድርገው አሳዩኝ፤ ከእጅ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ደብዳቤው ላይ በምስክርነት ፈረምኩ። ሐኪሟ ሁሉም ልብ እኩል እንደማያገግም፣ ከሦስት ወር በኋላ እንደሚታይ ነገረችን። ግራ እጁን ለጊዜው ከትከሻው በላይ እንዳያነሳ አስጠነቀቀችው።

ማክሰኞ ሶዶ ገባን። ባጃጁ ካወረደን ቦታ እስከ ቤታችን አቀበት ነው፤ አባቴ ሁለቴ አረፈ፣ እኔም አብሬው ቆምኩ። መሻሉን ገና አላውቅም። በዚህ ጉዞ የተማርኩት ግን ስለ ራሴ ነው፦ ሦስት ሳምንት ሙሉ «አያምህም» ስለው ከርሜ አንድ ቀን እንኳ «ለምን እምቢ አልክ?» ብዬ አልጠየቅኩትም።