ጋሽ አያሌውና የተቆለፈባቸው የሕንድ መጻሕፍት

ጠዋት እዚሁ ሮም ከቪያ ቮልቱርኖ መንገድ አንዷ ደውላ ስትነግረኝ «ሂጂ ወደዚያ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አብረን ነበርን» ብዬ ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት። ከዚያ ወደ ራሳቸው ወደ ጋሽ አያሌው ስልክ ደወልኩ። ያነሱት አብረዋቸው የሚኖሩት ሰውዬ ናቸው። «እውነት ነው ልጄ» አሉኝ።

ጋሽ አያሌው የሉም። ትናንት ከሰዓት አውቶቡስ ሲጠብቁ ወድቀው፣ ሆስፒታል ሳይደርሱ አለፉ።

ዛሬ ስልኬን ስከፍተው በእሳቸው ፎቶ ተሞልቷል። «ሊቅ አጣን»፣ «ባለውለታችን»። አሎራ፣ እንግዲህ እኔም ልናገር። በቁማቸው «የሕንድ ደብተራ» ነበር የምንላቸው። እኔም ብያለሁ፣ ስቄባቸውማለሁ።

ለማታውቋቸው፣ ጋሽ አያሌው ጎጃም ቅኔ ቤት ያደጉ፣ ብራና ፍቀው መጻፍ፣ ጽፈው በቆዳ መደጎስ የሚችሉ ሰው ነበሩ። ሮም ግን ባዳንቴ፣ የአዛውንት አስታማሚ፣ ሆኑ። ዐይናቸው የደከመ አንድ አዛውንት ፕሮፌሰር ያስታምሙ ነበር፤ ያጥቧቸዋል፣ ያበሏቸዋል፣ መድኃኒታቸውን ይሰጧቸዋል። የፕሮፌሰሩ ቤት ደግሞ በጃይኖች የእጅ ጽሑፍ የተሞላ ነው። ጃይን የሚባለው ጉንዳን እንኳ እንዳይረገጥ የሚጠነቀቅ የሕንድ ሃይማኖት ነው። መጻሕፍታቸው አይጠረዙም፤ ረጃጅም ቅጠል ቅጠል ናቸው፣ መሃላቸው ቀይ ነጥብ ያለባቸው፣ ሥዕላቸው ዐይን የሚያፈዝ።

ፕሮፌሰሩ ሳይሞቱ አንድ ነገር ይመኙ ነበር፤ መጻሕፍቱ ኢንተርኔት ላይ ወጥተው ማንም ሰው ፈቃድ ሳይጠይቅ እንዲያያቸው። ፎቶውን ማን ያንሳ? ባዳንቴው። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ፕሮፌሰሩ ምሳ በልተው ጋደም ሲሉ ጋሽ አያሌው የምግብ ጠረጴዛው ላይ ነጭ አንሶላ አንጥፈው፣ መስኮቱ ሥር፣ እያንዳንዷን ቅጠል ፊቷንም ጀርባዋንም አነሱ።

በእኛ አገር መጽሐፍ የሚከበረው በቆዳ ማኅደር ነው። እሳቸውም የሥዕሉን መጽሐፍ ራቁቱን ማስቀመጥ ከብዷቸው፣ ወር ሙሉ ለፍተው ማኅደር ሰፉለት። ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ቅመም የምትሸጥላቸው ሴት ጃይን መሆኗን ሲሰሙ ደግሞ «ነይና የአያቶችሽን መጽሐፍ እዪ» ብለው ጠሯት። እኔም ነበርኩ።

ሴትየዋ ማኅደሩን ስታይ እጇን ሰበሰበች። «ቆዳ ነው?» አለቻቸው። «የበግ ነው፣ ምርጥ» አሏት በኩራት። ቀስ ብላ አስረዳቻቸው፤ ነፍስ አትግደል የሚለውን መጽሐፍ የተገደለ እንስሳ ቆዳ ማልበስ ነውር ነው።

ፊታቸው ዐመድ መሰለ። ቢላ አምጥተው የወር ልፋታቸውን እዚያው ተረተሩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፎቶ ሲያነሱ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ ቀበቷቸውን ፈትተው፣ ሱሪያቸውን በሲባጎ አስረው ነው። እኔ ሳቄ ሲያመልጠኝ «የኔ ዳዊት በፍየል ቆዳ ተጽፏል፣ የነሱ መጽሐፍ ደግሞ ለፍየሏ ያዝናል። ሁለቱም ይነበብ እንጂ» አሉኝ። «ይነበብ እንጂ» ካፋቸው አይጠፋም ነበር።

ፎቶዎቹ ያሉበት ድረ ገጽ ተከፈተ። ቅመም ሻጯ፣ እናቷ ሕንድ አገር ሆነው በስልክ ማንበባቸውን እያለቀሰች ነገረችን። ያን ሳምንት የጋሽ አያሌው እግር መሬት አልነካም።

ከዚያ ፕሮፌሰሩ ሞቱ። ወራሾቻቸው መጻሕፍቱንም ፎቶዎቹንም ለአንድ ተቋም ሰጡ፣ ተቋሙም ድረ ገጹን ቆለፈው። አሁን ለማየት ማመልከቻ አለ፤ ስም፣ ዩኒቨርሲቲ፣ የምርምር ዓላማ። ጋሽ አያሌው በገዛ እጃቸው ያነሱትን ፎቶ ለማየት አመለከቱ። «ሥራ» በሚለው ቦታ ላይ «ባዳንቴ» ብለው ሞሉ፣ መዋሸት አያውቁማ። መልስ የሚባል ነገር አልመጣም። ከገጹ ግርጌ ምስጋና አለ፤ የሌላው ሰው ሁሉ ስም ተጽፏል፣ እሳቸው ጋ ሲደርስ «የቤት ሠራተኛው» ይላል።

ትንሣኤ ሰሞን ጠሩኝ። «ስንዱ፣ ያንቺ ጣሊያንኛ ጥሩ ነው። አንዲት ደብዳቤ ጻፊልኝ። ስሜን ተይው፣ ይከፈት ብቻ በይልኝ» አሉኝ።

«ቫ ቤኔ፣ እሺ ጋሼ፣ በዚህ እሑድ» አልኳቸው።

እሑድ ሲደርስ የምሠራላት ሲኞራ ልጆቿን ይዤላት ኦስቲያ ባሕር ዳር እንድሄድ ፈለገች። በሚቀጥለው ደከመኝ። ከዚያ የፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ጣጣ መጣ። ሰበብ አጥቼ አላውቅም።

እሳቸው ሁለተኛ አልጠየቁኝም። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አጠገቤ መጥተው «ደህና ነሽ ልጄ? ሥራ በዝቶብሻል አይደል?» ብቻ አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ገብቶኛል። እንዳልገባው ሰው ሆኜ ስለ ሙቀቱ አወራኋቸው።

ይህን ስጀምር ተቋሙን ልራገም ነበር። ይረገም፣ ይበለው። ግን እነሱ ሳያውቋቸው ነው የናቋቸው። እኔ አውቄያቸው ነው።

ጋሼ፣ ደብዳቤው ዛሬ ጠዋት ተልኳል። ይከፈት ብያለሁ። ስሜን ተይው ያሉኝን ግን አልሰማሁዎትም፤ ስምዎን ከነአባትዎ ጽፌዋለሁ። ቢከፍቱትም እርስዎ አያዩትም። ይቅር ይበሉኝ ለማለት እንኳ አፍሬያለሁ።

በሰላም ይረፉ ጋሼ። ደብዳቤው እያለቀስኩ እንኳ አሥር ደቂቃ ነው የፈጀብኝ።