ቃኘው ማጀት የገባበት ሳምንት

ቃኘው ፖሌግ በሚገኝ የካርቶን ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት ያህል ሲሠራ አንድም ቀን ምሳውን ራሱ ቋጥሮ አያውቅም። የምትቋጥርለት ሚስቱ ተናኜ ነበረች። ጡረታ ከወጣ በኋላም ኪርያት ኖርዳው በሚባለው ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለው ቤታቸው ማጀት የሚገባው ውኃ ለመጠጣት ብቻ ነበር። ድሮ፣ በልጅነቱ፣ ጎንደር ገጠር ሳሉ፣ ድስት ከፍቶ ሲያይ እናቱ ካገኘችው «ውጣ! ሴታሴት ልትሆን ነው?» እያለች በማማሰያ ታባርረው ነበር። ያ ነገር ስድሳ ስምንት ዓመት ሞልቶትም ከውስጡ አልወጣም።

በክረምቱ መጨረሻ ተናኜ ደረጃው ላይ ወድቃ የዳሌዋ አጥንት ተሰበረ። ቀዶ ሕክምናው ደኅና ሆነ፤ ነገር ግን ቤቷ ስትመለስ ክንዷ የልጅ ክንድ አክሎ ነበር። ሥጋ አስጠላት፤ እንቁላልም አስጠላት። በዕብራይስጥ ሀሊኮን የሚሉትን ባለ አራት እግር ምርኩዝ ቢሰጧትም እሱን ይዛ ለመነሣት አቅም አጣች።

ኩፓት ሆሊም የሚሉት የጤና መድን ክሊኒክ የምግብ አማካሪ ሂላ ቃኘውን ለብቻው ጠርታ፣ «ሄልቦን ካላገኘች እግሯ አይጠናም» አለችው። ፕሮቲን፣ የተጎዳ አካል መጠገኛውን ማለቷ ነው። «ጣፋጭ ነገር ትወዳለች?»

«ቸኮሌትማ ነፍሷ ነው።»

«እንግዲያው ቀላል ነው። አንድ ዕቃ ኮቴጅ አይብ፣ ሁለት ማንኪያ ካካዎ፣ አንድ ማንኪያ የተምር ማር። በብሌንደር ፈጭተህ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠው። በቀን ሁለት ጊዜ ትብላ።»

«ፈጭተህ?» አለ ቃኘው፤ ከኋላው ሌላ ሰው የቆመ መስሎት ዞር እያለ።

ልጃቸው ኦርኒት ባሕሩ ዳር ካለ ሆቴል ስለምትሠራ የምትመጣው ዓርብ ዓርብ ብቻ ነው። ሌላ ማን አለ? በመጀመሪያው ቀን ክዳኑን ሳይገጥም ብሌንደሩን ቢያስነሣው ካካዎው ግድግዳውን አለበሰው። ማንም እንዳያየው መስኮቱን ዘግቶ ሲወለውል አረፈደ። በሁለተኛው ቀን ግን የአይቡ ጓል ጠፍቶ፣ ልስልስ ያለ ጥቁር ገንፎ የመሰለ ነገር ወጣለት። ተናኜ አልጋዋ ላይ ሆና ቀመሰችው።

«አይብ በማር! ኧረ ጉድ ነው፤ ሚጥሚጣውስ ወዴት ሄደ?» ብላ ሣቀች። ጨርሳም በላችው። ከወደቀች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሥቅ ያያት ያን ዕለት ነበር።

በስድስተኛው ቀን ዘመነ ሊጠይቃት መጣ። ዘመነ የቃኘው የመንደሩ ልጅ ነው፤ ፋብሪካም አብረው ሠርተዋል፤ ቧልት የማያልቅበት ሰው ነው። ተናኜ እየበላች ነበር የደረሰው።

«ይሄ ጭቃ የመሰለው ምንድን ነው?»

«ከማማት ቅመሰው» አለችው ተናኜ።

አንድ ማንኪያ ጎረሰና፣ «ውይ! ማን ነው እንዲህ ያለ ባለሙያ?» አለ።

ተናኜ ፈገግ ብላ ወደ ባሏ አየች። ቃኘው አፉን ከፈተ። ከሕንጻው ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ የሚውሉት ጡረተኞች ሁሉ ታዩት፤ ዘመነም መካከላቸው ቆሞ ሲያወራ ታየው።

«ጎረቤታችን ሻሺ ናት» አለ። «እሷ ናት የምትልክልን።»

ተናኜ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

ዘመነ ከወጣ በኋላ፣ አርባ አምስት ዓመት ሙሉ «አንተ» ስትለው የኖረችው ሚስቱ እንደ ባዳ ሰው አነጋገረችው። «ሳህኑን ለሻሺ ይመልሱላት። እግዜር ይስጥልን ይበሏት።»

«ሳህኑ የኛ ነው እኮ፣ ተናኜ።»

«የሻሺ ነው ብለዋል። እኔ የጎረቤት እጅ አላይም፤ ከእንግዲህ አይላክልኝ።»

ያን ማታ አልበላችም። በማግሥቱም ሻይና ቁራሽ ዳቦ ብቻ ቀመሰች። ጠዋት ሠርቶ ያቀረበላት ሳይነካ ተመለሰ። ቃኘው ሳህኑን ይዞ ማጀት ውስጥ ቆመ። ይህን ሁሉ ዘመን ስታበላው አንድ ቀን እንኳ «እኔ አልሠራሁትም» ብላ አታውቅም። ፊቱ እስከ ጆሮው ጋለ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ታች ወረደ። አግዳሚው ላይ አራት ሰዎች ነበሩ።

«ዘመነ፣ ትናንት ዋሽቼሃለሁ» አለ ቆሞ። «ያን ሾኮላድ የሠራሁት እኔ ነኝ። ሻሺ የምታውቀው ነገር የለም።»

ዘመነ ጭኑን መታ። «ስሙኝማ! እኔ ቃኘው ሚስት ያገባ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ባል ኖሯል ያገባው!»

«ቀሚሱንስ ኦርኒት ገዛችልህ?» አለ ሌላው።

ቃኘው «ነገም እሠራለሁ» ብቻ ብሎ ተመለሰ። ደረጃውን ሲወጣ ሣቃቸው እስከ ሁለተኛው ፎቅ ተከተለው።

ተናኜን ሀሊኮኗን ጨብጣ፣ ወደ አግዳሚው በሚያሳየው ክፍት መስኮት አጠገብ ቆማ አገኛት። ማንም ሳይደግፋት ነው የተነሣችው።

«ስንቱ ሣቀብህ?»

«ሁሉም።»

«በል አስቀምጠኝና አምጣው። ካካዎውን ግን ዛሬ አብዝተህበታል፤ ዞር ስትል በጣቴ ቀምሼዋለሁ።»

አመጣላት። እስክትጨርስ ድረስ አጠገቧ ተቀመጠ፤ ዓይኗን ግን ቀና ብሎ ለማየት አልደፈረም። የነዘመነ ሣቅ ወዲያው ነበር የበረደለት። ፊቱን ገና ያቃጥለው የነበረው «ሻሺ ናት» ብሎ ከአፉ ያወጣት ቃል ነበረች።