ጠበል የነካው መስታወት

ስንጥቁ መጀመሪያ የገብስ ጢም ያህል ነበር። ለማያውቀው ሰው በመኪናው የፊት መስታወት ላይ ፀጉር የወደቀ ይመስላል። የመካነ ሰላም የጠዋት ፀሐይ ስትነካው ግን ከዚያች ቀጭን መስመር ቀስተ ደመና ይወጣ ነበር። ሾፌሩ አጥናፉ እንዲህ ያለ ውበት ከጉዳት መውጣቱ እየደነቀውም እየከፋውም ቆሞ ያየዋል።

የሰነጠቀው ወታደር የጫነ መኪና ያስፈነጠረው ጠጠር ነው። አጥናፉ የጤና ጣቢያውን ቶዮታ ደሴ ወስዶ መስታወቱን ለማስቀየር ቢለምን፣ አለቃው "ጓድ አጥናፉ፣ አብዮቱ ከመስታወት የሚበልጥ ጉዳይ አለበት" ብሎ መለሰው።

በኅዳር፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ የገበሬው የአራጌ ሚስት ሸዋረግ ምጥ ይዟት በቃሬዛ መጣች። ልጁ በሆዷ ተጋድሟል። ሰዓት እላፊ ሳይገባ ደሴ ሆስፒታል ካልደረሰች ሁለት ነፍስ ማለፉ ነው። አራጌ ግን መኪናው ጠበል ሳይረጭ ንቅንቅ አልልም አለ።

የንስሐ አባታቸው አባ አድማሴ ጠበሉን በቅል ይዘው መጡ። ጸሎታቸውን አድርሰው፣ ፀሐይ ስታግለው ባረፈደችው መስታወት ላይ ቸለሱት። ጧ! አለ። የገብስ ጢም የነበረው ስንጥቅ እንደ መብረቅ ከዳር እስከ ዳር ሮጠ፤ ቅርንጫፍም አወጣ።

"ጠበል የጠላው መኪና ላይ ሚስቴን አላሳፍርም" አለ አራጌ።

"ጠበሉ ምን አደረገ?" አለ አጥናፉ። "ከእሳት የወረደ ሸክላ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ብትደፋ አይሰነጠቅም?"

"ጋሼ! ጠበልን ከውኃ እኩል ያደርጉታል?"

ቃሬዛውን አጅበው የመጡት ሴቶች አማተቡ። አጥናፉ ምላሱን ነከሰ፤ እውነቱን ተናግሮ ነገሩን አባሰው። ሸዋረግ ቃሬዛው ላይ "ያረቢ!" ስትል ድምጿ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስል ነበር።

አናጢው ጀብሪል ከሱቁ ደጃፍ ተጣራ። "አብሽር! የመስኮት መስታወት አለኝ፤ በልኩ እቆርጥልሃለሁ።"

"የቤት መስታወት ሲሰበር ካራ ነው ጀብሪል። መንገዱ ካንገጫገጨን አንገታችን ላይ ነው የሚወርደው። ይህንንም አውጥቼ በባዶው እሄዳለሁ።"

"ጉጉፍቱ ደጋ ላይ ብርዱ ያለ ምላጭ ይላጭሃላ!"

አጥናፉ ኮፈኑ ላይ ብርድ ልብስ አነጠፈ፤ እጁን በጆንያ ጠቅልሎ መስታወቱን ከውስጥ ገፍቶ ጣለው። ስብርባሪውን ከወንበሩ ስር ሳይቀር ጠረገ። አራጌ ግን እጁን አጣምሮ ከቃሬዛው አጠገብ እንደተገተረ ነው።

ያኔ አባ አድማሴ ጋቢያቸውን ሰብስበው የፊት ወንበር ላይ ወጡ።

"የረጨሁት እኔ ነኝ" አሉ። "ቁጣም ከሆነ ከፊት ተቀምጬ ልቀበለው። በል አንሳት፣ አራጌ።"

አራጌ አነሳት።

ጉጉፍቱ ላይ ነፋሱ በባዶው መስኮት እንደ ጎርፍ ገባ። አቧራው ዓይን ያቃጥላል፤ የአባ እንባ ጆሯቸው ድረስ በአግድም ይፈስሳል። አጥናፉ በአንድ ዓይኑ እየነዳ ሌላውን ያሳርፋል። ከኋላ ሸዋረግ ባቃሰተች ቁጥር ይፈጥናል፤ ዝም ስትል ደግሞ ይብስ ይፈራል። ሰዓት እላፊው ሳይገባ ደረሱ።

ጠዋት ነርሷ ወጣች። እናትየው ትተርፋለች፤ ልጁ ግን አልቆየም።

አራጌ ግድግዳውን ተደግፎ የአጥናፉን ያበጡ ዓይኖች አየ።

"ጠበሉ ነግሮን ነበር" አለ። "እርስዎ አልሰማ አሉ እንጂ።"

"ተው አንተ! ሚስትህ እኮ አለች" አሉ አባ።

አጥናፉም የሚለው ነበረው። መካነ ሰላም ብትቀር ኖሮ፣ ሊል ከንፈሩ ተላቀቀ። የአራጌን እጆች ሲያይ ግን ተወው፤ የሚይዙትን አጥተው እርስ በርስ ይያያዛሉ። ለሐዘንተኛ እንዲህ ያለ እውነት ምን ይረባዋል?

ቶዮታው በር ላይ ባዶ ግንባሩን ገትሮ ቆሟል። አጥናፉ የመስታወቱን ዙሪያ ጎማ ለመለኪያ ነቅሎ ትከሻው ላይ አንጠለጠለና የመኪና መስታወት ወደሚሸጥበት ቁልቁል ወረደ፤ በሁለቱም እጁ ዓይኑን ከፀሐይ እየከለለ፣ ወደ ኋላም ሳይዞር።